እናትሽ ሞታለች ብለነዋል

«ስሚኝማ ኬኔ፣ እናትሽ ሞታለች ብለነዋል» አሉ ጎረቤቷ እትዬ ሸዋጌጥ ጎንበስ ብለው በጆሮዋ። «አንቺም አደራ እንዳትሳሳቺ። ቃላችን አንድ ይሁን።»

ኬኔ ወዲያው አልገባትም። አባቷ ጂሬኛ ከተቀበረ ገና በማግሥቱ ነበር። ፍራሹ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣ፣ ለሚገባው ለቅሶ ደራሽ ሁሉ ብድግ ቁጭ ስትል ስለዋለች ጭንቅላቷ በድን ሆኗል። እናቷ ዓባይነሽ ግን አልሞተችም። ካይሮ ነው የምትኖረው። የአባቷን መሞት ከትናንት ወዲያ ደውላ የነገረቻት ራሷ ኬኔ ናት፤ ጩኸቷን ሰምታለች፤ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

«ለማን ነው እንዲህ ያላችሁት እትዬ?»

«ለዚያ ነዋ!» በአገጫቸው ወደ ውጭ አመለከቱ። «ከአዲስ አበባ ለመጣው ሰውዬ። አንቺን ሊያጣራ ነው የመጣው።»

ኬኔ በተከፈተው በር አሻግራ አየች። ግቢው ውስጥ በተተከለው የእድር ድንኳን፣ ምሰሶው አጠገብ ባለው አግዳሚ ጫፍ ላይ፣ ግራጫ ጃኬት የለበሰ፣ ጠጉሩ ሽበት የጀመረው ሰው ተቀምጧል። የያዘው ቡና እጁ ላይ ቀዝቅዟል። ግራና ቀኙ ያሉት የሰፈር ሰዎች ሸሸት ብለው ቦታ ሰጥተውታል፤ ዓይናቸውን ግን ከእሱ አልነቀሉም።

ሰውየው የመጣው ጠዋት ነበር። የአቶ ጂሬኛን ቤት እየጠየቀ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ሲደርስ ድንኳን አየ። የማን ለቅሶ እንደሆነ ሲነግሩት ደጃፉ ላይ ደርቆ ቀረ አሉ። የእድሩ ዳኛ አቶ የኋላሸት ተቀብለው አስቀመጡትና ከወዴት እንደሆነ ጠየቁት። «ራጉኤል እባላለሁ። ከአዲስ አበባ ነው፤ በልጃቸው የሥራ ጉዳይ ነበር የመጣሁት። ማረፋቸውን አልሰማሁም» አለ። ከዚህ ሌላ አልተናገረም። ይህችው ግን በቃች። ወሬው ከድንኳኑ ተነሥቶ ጓሮ ወጥ የሚሠሩት ሴቶች ዘንድ ሲደርስ፣ ሰፈሩ በሙሉ ለኬኔ ወገቡን ታጥቆ ተነሣ።

ጉዳዩን የማያውቅ አልነበረም። ኬኔ በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመርቃ እዚሁ ነቀምቴ፣ የኃይል ማከፋፈያው ሰብስቴሽን ውስጥ ትሠራለች። ባለፈው ዓመት፣ የአገሪቱ ኃይል በሙሉ ከአንድ አዳራሽ በሚታዘዝበት አዲስ አበባ ባለው መቆጣጠሪያ ማዕከል ለመቀጠር ተወዳድራ ፈተናውን አልፋለች። ነገር ግን እዚያ አዳራሽ የሚገባ ሰው አስቀድሞ የደህንነት ማጣሪያ ያልፋል። የት ተወለደ? ከማን ጋር ይውላል? ውጭ አገር ማን አለው? አብረዋት የተፈተኑት አንድ በአንድ ገቡ። የእሷ ግን «በመታየት ላይ ነው» እንደተባለ ክረምቱ አልፎ በጋው ገባ። ምክንያቱ ለማንም ስውር አልነበረም። ቶሮንቶ ብትሆን፣ ኦስሎ ብትሆን ማን ግድ ይሰጠው ነበር ይላሉ የሰፈሩ ሰዎች፤ የግድቡ ነገር ባለበት ዘመን ግን ካይሮ! ያውም ግብፃዊ አግብታ፣ ወንዶች ልጆች ወልዳ!

«ምን አድርጋችሁ ገደላችኋት?» አለች ኬኔ።

«እኔ በወባ ነው ያልኩት» አሉ እትዬ ሸዋጌጥ፣ ሥራውን በደንብ እንደሠራ ሰው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ሱዳን ሳትገባ፣ መንገድ ላይ።»

የጂሬኛ ታናሽ እህት ሜቲ ከፍራሹ ወዲያ ማዶ ሆና ትሰማ ነበር። ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ፣ «ደግ አደረጉ» አለች። «ለእኔማ ከሞተች ቆይታለች።»

ሜቲ የወንድሟን ልጅ ያሳደገች፣ ጠጉሯን የሠራች፣ ትምህርት ቤት ያመላለሰች አክስት ናት። ኬኔ «አዳዳ» ስትላት እናትም አክስትም ማለቷ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ግን የዓባይነሽ ስም ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። መጥራት ግድ ሲሆንባት «ያቺ ሴት» ብላ ታልፈዋለች።

ጂሬኛ የቅጥቅጥ ሾፌር ነበር። የኪራሙ መንገድ ሰላም በነበረበት ጊዜ ከነቀምቴ ተነሥቶ በኡኬ አድርጎ እስከዚያው ድረስ ይሠራ ነበር። ዓባይነሽንም ያገኛት እዚያ ነው፤ ወላጆቿ ከጎጃም መጥተው ኪራሙ የሰፈሩ ገበሬዎች ነበሩ። ገበያ ውላ ስትመለስ ሁልጊዜ የእሱን መኪና ትጠብቅ ነበር ይባላል። ተጋቡ፣ ኬኔ ተወለደች። ልጅቷ አፏን ፈትታ ስትሮጥ ዓባይነሽ «ትንሽ ሠርቼ ልምጣ» ብላ ወደ ሱዳን ሄደች። ከሱዳን ወደ ካይሮ ተሻገረች። መጀመሪያ ትደውል ነበር፤ ከዚያ ድምፅዋ ጠፋ፤ ከዚያ ወሬዋ መጣ። አግብታለች።

ያን ሰሞን ዘመድ አዝማድ ጂሬኛ ቤት ተሰበሰበ። «ለልጅቷ ሞታለች በላትና ይውጣላት» ያለችው ሜቲ ናት። ሌሎቹም ተቀበሏት። ጂሬኛ ሰምቷቸው ሲያበቃ፣ «ልጄ እናት አላት። ሩቅ ናት እንጂ አለች» አለ። አፈላልጎ ቁጥሯን አገኘ። ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኬኔን ይዞ ስልክ ቤት ይሄዳል፤ ቀፎውን ያቀብላታል፤ እሱ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። «አባትሽ ደህና ነው?» ስትላት ዓባይነሽ፣ ኬኔ በመስኮቱ ታየዋለች፤ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ከሚያልፈው ሰው ጋር «አካም ቡልቴ»፣ እንዴት አደርክ፣ እየተባባለ ይስቃል።

ልጅ ሆና ይህ ያሳፍራት ነበር። ትምህርት ሲዘጋ ጋቢና አጠገቡ አስቀምጧት ይሄዳል። ተሳፋሪው ዓይቶ አያልፍም፤ «እናቷስ?» ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን አንገቱን ደፍቶ ወሬ ይቀይር ነበር። ጂሬኛ ግን መሪውን እንደያዘ፣ «ካይሮ ናት። አግብታ ወልዳለች። ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። አንዳንዱ ከኋላ ይስቃል። ኬኔ ሳቁን ትሰማለች። አባቷም እንደሚሰማ ታውቃለች። እሱ ግን ማርሽ ቀይሮ ዳገቱን ይወጣል።

እትዬ ሸዋጌጥ ነጠላ ሥር አንድ ነገር ነዘረ። የኬኔ ስልክ ነው። ትንሽ እንድታርፍ ብለው ከቀብሩ ጀምሮ ይዘውላት ነበር። በነጠላቸው አፍነው ዝም አሰኙት።

«እሷ ናት?»

«ከጠዋት ጀምራ አላረፈችም። ሰውየው ይሂድና ታናግሪያታለሽ።»

ኬኔ መልሳ ወደ ድንኳኑ አየች። እነዚህ ሰዎች የማያውቁት ነገር አለ። ለማጣሪያው የተጠየቀችውን ሁሉ ስትመልስ እናቷን አልደበቀችም። ስሟን፣ የባሏን ስም፣ የወንድሞቿን ስም፣ በየእሁዱ እንደሚነጋገሩ ሳይቀር ተናግራለች። ሰውየው አሁን ከጎረቤት ሁሉ የሚሰማው ግን ሌላ ነው። ምን ይል ይሆን? መክራ ያስዋሸቻቸው አይመስለውም?

እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ እሷም ልትዋሽ ነበር። ጓደኞቿ «የለችም በይና ተገላገይ» ብለዋታል። ለአባቷ ሳትነግር መወሰን ስላልሆነላት አብራው እስከ ኡኬ ሄደች። ኡኬ ላይ ተሳፋሪው ወርዶ፣ ረዳቱ ዕቃ ሲያወርድ፣ ጋቢና ውስጥ ሻይ ይዘው ተቀመጡ።

«አባዬ፣ ሞታለች ብልስ? ማን ያውቃል?»

ጂሬኛ ሻዩን ፉት አለ።

«እናትሽ ያገባች ሰሞን እኔም ሞክሬው ነበር» አላት። «እዚህ ኡኬ ላይ ‹ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች› እላለሁ። ኪራሙ ስደርስ እሱን እረሳና ‹አሟት ተኝታለች› እላለሁ። ስመለስ አንዷ ‹ተሻላት ወይ?› ትለኛለች፤ ማን እንደታመመ ይጠፋኛል። እጄ መሪ ይዟል እንጂ ሐሳቤ መንገዱ ላይ አልነበረም። አንድ ቀን ሰው እንደሞላሁ ድልድይ ስቼ ወንዝ ልገባ ስል ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ከዚያ ወዲህ ተውኩት።»

«በእሷ ምክንያት ሥራውን ቢከለክሉኝስ?»

«ይከልክሉሽ! ሌላ ሥራ ይገኛል። ዋሽተሽ ብትገቢ ግን ያቺን የገደልሻትን እናት ዕድሜሽን ሙሉ ስትጠብቂ ልትኖሪ ነው። አንድ ቀን አንዱ ይመጣና ‹እናትሽ እኮ አለች፤ ለአለቆችሽ ልንገር ወይስ የማዝሽን ትሠሪያለሽ?› ይልሻል። ያኔ ምን ትያለሽ? ኢንተላ ኮ» አላት፤ ልጄ ማለቱ ነው፤ «ፈርተሽ እንድትኖሪ አይደለም ያሳደግኩሽ።»

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ብቻ ሆነ። ወራቱ በረዘመ ቁጥር የዘመዱ ምላስም ረዘመ። ሜቲ ሰው ፊት፣ «አንተ ነህ ያስቀረሃት። ያቺ ሴት ከሩቅ ሆና እንኳ ልጅህን እንድትጎዳት አደረግህ» አለችው። ጂሬኛ ፈገግ ብሎ «ይመጣል» አለ፤ ሌላ አልጨመረም። ሳይመጣ እሱ ሄደ። ማለዳ መኪናውን ሊያስነሣ ወጥቶ፣ በሩን እንደከፈተ ወደቀ። ደም ግፊት ነው አሉ።

ኬኔን ከውስጥ የሚበላት ሌላም ነገር ነበር። ስትመረቅ ስልኩ ላይ እልልታውን ያቀለጠችው እናቷ፣ ከዚያ ማጣሪያ ወዲህ ስለ ሥራዋ አንዲት ቃል ጠይቃት አታውቅም። «በላሽ? ዝናቡ ጣለ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ?» ብቻ። ኬኔ ስለ ሰብስቴሽኑ ልታወራት ስትጀምር፣ «ቆይ ቆይ፣ ወጥ ሊያርብኝ ነው» ብላ ትዘጋዋለች። ኬኔ መጨረሻ ላይ ተቀበለችው። ሌሎች ልጆች አሏት፤ የእኔ ነገር ስልችት ብሏታል አለች ለራሷ። ለአባቷም አልነገረችውም።

ስልኩ እንደገና ነዘረ። በዚያው ቅጽበት ከድንኳኑ የአቶ የኋላሸት ድምፅ ተሰማ። ሰውየው አጠገብ ተቀምጠው፣ «…የመኪና አደጋ ነው እንግዲህ፤ ነፍሷን ይማር፤ ደግ ሴት ነበረች» ይላሉ።

ኬኔ ተነሣች።

«ስልኬን ይስጡኝ እትዬ።»

«ምን ነካሽ! ሰውየው እኮ አልሄደም!»

«አይቼዋለሁ። እናቴ ለአባቴ ማልቀስ ትፈልጋለች። ሌላ የምታለቅስበት ለቅሶ ቤት የላትም።»

«ኬኔ፣ ቁጭ በይ!» አለች ሜቲ። ኬኔ ግን ስልኩን ተቀብላ ወጣች። ሰውየው አጠገብ ሄዳ፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«እናቴ ናት» አለችው። «አልሞተችም። እነዚህ ሰዎች የዋሹት ስለሚወዱኝ ነው፤ እባክዎ አይፍረዱባቸው።» ስልኩን አነሣችና ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፈተችው።

«ኬኔ? ልጄ? ቀበራችሁት? እውነት ጂሬን አፈር አለበሳችሁት?»

«ቀበርነው እማዬ። ድንኳን ውስጥ ነኝ። ሰው ሁሉ ይሰማሻል።»

ከዚያ ወገን የመጣው ለቅሶ የኪራሙ ለቅሶ ነበር፤ ዜማው ሳይዛነፍ፣ ስሙን እየጠራ።

«ጂሬ! ጂሬ ወንድሜ! ትቼህ ሄጄ ከልጄ ያልለየኸኝ! እዚህ ማን ያውቅሃል ብዬ ላልቅስ? በየእሁዱ ‹እናትሽን አናግሪያት› ብሎ ስልክ የሚያቀብል ወንድ የት ይገኛል? ብትሰድበኝ ይገባኝ ነበር! አንድ ቀን እንኳ ሳትሰድበኝ! ባሌ ስንኳ ተቀምጦ ያለቅስልሃል፤ ልጆቼ የእህታቸው አባት ሞተ ብለው ዛሬ ከቤት አልወጡም…»

ጥግ ላይ ያሉ ሴቶች ማንባት ጀመሩ። አንዷ በኦሮምኛ ተቀበለቻት። ዓባይነሽ ድምፅዋ ደክሞ ዝቅ እስኪል አለቀሰችና፣ ሰው እንደሚሰማት የረሳች ይመስል፣ ለልጇ ብቻ በሚሆን ድምፅ ቀጠለች።

«ኬኔዬ፣ አሁን ልንገርሽ። እሱ የለም፤ ማን ይቆጣኛል። ስለ ሥራሽ ለምን እንደማልጠይቅሽ ታውቂያለሽ? እሱ ነው የከለከለኝ። የዚያን የሥራ ነገር ስትጀምሪ ደወለልኝ። ‹ዓባይ፣ ስለ ሥራዋ አንዲት ነገር እንዳትጠይቂያት። የማታውቂውን ማንም ሊያወጣጣሽ አይችልም። እናትነትሽን ያዥ፤ የቀረውን ተይላት› አለኝ። እኔም ማልኩለት። ስንቴ ምላሴን እንደነከስኩ! ደርሶ ደርሶ ሊያመልጠኝ ሲል ነው ስልኩን የምዘጋብሽ። ወጥ አረረብኝ የምልሽ፣ ሁልጊዜ ወጥ ጥጄ መሰለሽ?»

ኬኔ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አባቷ የሞተ ዕለት ያልወጣላት፣ ቀብሩ ላይ እንኳ ያልወጣላት ለቅሶ መጣ። ያዘነችበት ዝምታ ሁሉ፣ የተዘጋባት ስልክ ሁሉ፣ ሁለቱ ተስማምተው እንዳትጎዳ ያለበሷት ነገር ኖሯል። አባቷን ልታመሰግነው ብትፈልግ የለም። ስለዚህ እናቷን፣ «አመሰግናለሁ እማዬ፣ አመሰግናለሁ» አለቻት ደጋግማ።

አቶ የኋላሸት ቆባቸውን አውልቀው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

«ዓባይነሽ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ።» ከዚያ ቀና ሲሉ ዓይናቸው ከሰውየው ዓይን ጋር ገጠመ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ… አደጋው ቀላል ነበር ማለት ነው» አሉ።

በእንባው መሃል ድንኳኑ ውስጥ የታፈነ ሳቅ አለፈ። ራጉኤል ራሱ ፊቱን ወደ ምሰሶው አዞረ።

ትንሽ ቆይቶ ኬኔ አጥሩ ጥግ፣ አባቷ መኪናውን ከሚያቆምበት ቦታ አጠገብ፣ ከሰውየው ጋር ብቻዋን ቆመች።

«ከጠዋት ጀምሮ ማንንም አልጠየቅሁም» አላት። «ለቅሶ ቤት ገብቼ ምን ብዬ እጠይቃለሁ? እነሱ ግን ተራ በተራ እየመጡ እናትሽን ገደሉልኝ። አንዷ በወባ፣ አንዱ በመኪና፣ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ወንዝ ነው የወሰዳት አሉኝ። እንዲህ የሚዋሽለት ሰው ብዙ አላየሁም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከሰፈሩ ሰው፣ አለች ብለው የነገሩኝ አባትሽ ብቻ ነበሩ።»

«አባቴን ያውቁታል?»

«ባለፈው ኅዳር መጥቼ ነበር። ከዚህ እስከ ኡኬ ጋቢና አጠገባቸው ተቀምጬ ሄድኩ። ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው። የጠየቅኋቸውንም ያልጠየቅኋቸውንም አጫወቱኝ። እናትሽ ስለ ሥራሽ እንዳትጠይቅ ማስማላቸውን ጭምር። መምጣቴን ለማንም፣ ለአንቺም እንዳይናገሩ ለመንኳቸው።»

ኬኔ አባቷን በሐሳቧ አየችው፤ ሜቲ ሰው ፊት ስትወቅሰው፣ ፈገግ ብሎ «ይመጣል» ሲል። ያን ሁሉ ጊዜ ጉዳዩ እንዳልሞተ ያውቅ ነበር። በአደባባይ ምንም ደብቆ የማያውቅ ሰው፣ ቃል ስለሰጠ ብቻ፣ ራሱን የሚያነጻበትን ይህን አንድ ነገር ውጦት ኖረ።

«የቀረችኝ አንዲት ጥያቄ ነበረች» አለ ራጉኤል። «ግን ዛሬ ቀኑ አይደለም። ሌላ ጊዜ…»

«አሁን ይጠይቁኝ።»

አመነታና ጠየቃት። «እናትሽን ይዘው ቢያስጨንቁሽስ? ‹የምንልሽን ካላደረግሽ እናትሽ፣ ወንድሞችሽ› ቢሉሽ?»

የሚያምር መልስ መፈለግ አላማራትም። «እፈራለሁ» አለች። «አለቅሳለሁም። ከዚያ ግን በዚያው ቀን መጥቼ እነግራችኋለሁ። ብቻዬን ልሸከመው አልችልም። እናቴ እንዳለች ታውቃላችሁ፤ የሚጋለጥብኝ ነገር የለም።»

ራጉኤል ራሱን ነቀነቀ። «አባትሽም ‹ትፈራለች፣ ግን ትነግራችኋለች› ነበር ያሉኝ። ተስፋ ልሰጥሽ አልችልም ኬኔ፤ ውሳኔው የእኔ አይደለም። ካይሮ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ዛሬ ውጭ ዘመድ የሌለው ቤት የት አለ? እኔን የሚያስፈራኝ የተደበቀው ዘመድ ነው። ያየሁትንና የሰማሁትን እንዳለ እጽፋለሁ።» ሊሄድ ሲል ተመለሰና፣ እንደ ለቅሶ ደራሽ እጇን በሁለት እጁ ያዘ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ። አባትሽ ጎን መቀመጤ ደስ ብሎኛል።»

መልሱ የመጣው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ተፈቀደላት። ያለ ፈቃድ ካይሮ መሄድ አትችልም፤ ከእናቷ ባል ቤት በኩል አዲስ ሰው ቢቀርባት ወይም የተለየ ነገር ብትጠየቅ ማሳወቅ አለባት፤ ለጊዜው የማትገባበት ክፍልም አለ። ኬኔ ሁሉንም አንብባ ፈረመች። መጀመሪያ የደወለችው ለእናቷ ነው። «እማዬ፣ ገባሁ!» አለቻት። ዓባይነሽ ትንፋሽዋን ውጣ፣ «ምን ውስጥ እንደገባሽ አልጠይቅሽም» አለች፤ «እልል ብዬ ብቻ ልዝጋው!» እልልታውን ለቀቀችው።

ይህ ግን ኋላ የሆነ ነው። ያን ሰሞን ገና ለቅሶው አላለቀም ነበር።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት እትዬ ሸዋጌጥ ቁርስ ይዘው ሲመጡ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ነበር። «በወባ መግደሌ እንዲያው ሲከነክነኝ አደረ» አሉ። ኬኔ አቅፋ ሳመቻቸው። «ለእኔ ብላችሁ አይደል? እናንተ ባትኖሩ እኔና አባዬ በምን እንኖር ነበር?» አለቻቸው። ከልቧ ነበር። አባቷ መንገድ ሲያድር እራት ያበሏት፣ ስትታመም ያስታመሟት፣ አሁንም የአባቷን ሬሳ በትከሻቸው የተሸከሙት እነሱ ናቸው፤ ውሸታቸውም ከዚያው ጓዳ የወጣ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሐዘኑ በጸሎት ተዘጋ። ቄሱ ሲጸልዩ ኬኔ እናቷ እንድታይ ስልኩን በቪዲዮ ከፍታ ይዛላት ነበር። «አሜን» ከተባለ በኋላ ሰው ለመሰናበት ብድግ ብድግ አለ። «ዋቃዮ ሲ ሃ ጀጀቤሱ፣ አምላክ ያጽናሽ» እያለ እጇን የሚይዘው በዛ። ለሁሉም ሁለት እጇን መስጠት ነበረባት። ዘወር ስትል አጠገቧ ያለችው ሜቲ ናት። ሳታስበው ስልኩን አቀበለቻት።

ሜቲ ምን እንደተቀበለች ያወቀችው ከያዘችው በኋላ ነው። ልትመልስ እጇን ዘረጋች፤ ኬኔ ግን በሰው ተከባ ርቃለች። ስልኩን እንደ ትኩስ ዕቃ በጣቶቿ ጫፍ ይዛ ቆየች። ከዚያ አየችው። ዓባይነሽ ጠቁራለች፤ ጥቁር ሻሽ አስራለች፤ ዓይኖቿ አብጠዋል። እሷም ሜቲን አየቻት። ሁለቱም ሲለያዩ ወጣቶች ነበሩ።

«ሜቲ» አለች ዓባይነሽ።

ሜቲ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ሜቲ፣ ልጄን አሳደግሽልኝ።» እንባዋ ቁልቁል ወረደ፤ የምትጠርግበትም ያጣች መሰለች፤ ዝም ብላ አለቀሰች።

በዙሪያቸው ወንዶቹ የድንኳኑን ገመድ ይፈቱ ነበር። ሜቲ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ስልኩን ወደ ራሷ አቀረበችው። የነጠላዋን ጫፍ አነሣችና፣ የዓባይነሽ ጉንጭ ባለበት በኩል፣ መስታወቱን ቀስ አድርጋ ጠረገችው።